የሆሞሻዋ ተሳፋሪ

ሱለይማን ማለዳ ፊቱን ሊታጠብ በሩን ሲከፍት አክስቱን ሊረግጣት ምንም አልቀረውም። ኻልቲ ሲተና ነጭ ቶቧን ተከናንባ፣ በሻርፕ የታሰረ ጓዟን ጭኗ ላይ አቅፋ፣ ደፉ ላይ ተቀምጣለች። ኻልቲ የእናት እህት ማለት ነው፤ እሱ ግን እናቱን በመልክ ስለማያስታውሳት ቃሉን የሚጠራበት ልብ «እማዬ» የሚባልበት ልብ ነው። ነጩ ቶብ ከሣጥን የሚወጣው በዓመት ሁለቴ፣ ለሁለቱ ዒዶች ብቻ ነበር። ጓዙ ውስጥ ሁለት ኪሎ ስኳር፣ አንድ እሽግ ሻይ ቅጠልና ራሷ ያደረቀችው ባሚያ እንዳለ ሱለይማን ሳይፈታው ያውቃል። ስኳሩን ለመግዛት፣ መንገድ ይገኛል ብላ፣ ባለፈው ሳምንት ዶሮዋን ሸጣለች፤ ዋጋው ሰሞኑን የሚቀመስ አይደለምና። «ጫማህን ቶሎ አድርግ እንጂ፣ መኪናው ጥሎኝ ሊሄድ ነው» አለችው በበርታኛ። ፀሐይ ገና ከማንጎው በላይ አልወጣችም፤ መናኸሪያው የሚመረቀው በሦስት ሰዓት ነው። ሱለይማን ውኃውን ፊቱ ላይ ረጨ፣ ደግሞ ረጨ፣ ከዚያም ፊቱን በፎጣ ሸፍኖ ከሚያስፈልገው በላይ ቆየ። አፍሮ ነበር።

ያፈረበት ነገር እንዲህ ነው። ነሐሴ ላይ ከከተማው በታች ያለው ወንዝ ሞልቶ የታችኛውን መናኸሪያ አጥለቀለቀው። እያሳሳቀ ይወስዳል ውኃ ይባል የለ፤ በመጀመሪያው ቀን ተራ አስከባሪዎቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው እየተረጫጩ ሲሳሳቁ ዋሉ፤ በማግስቱ ውኃው የትኬት ቤቱን በር፣ አግዳሚ ወንበሮቹንና የአጥሩን ግማሽ ይዞ ወረደ። ሦስት ወር ሙሉ ግቢው የእንቁራሪት ሆነ፤ መንገደኛውም ኬላው ጋ ከዛፍ ሥር መሳፈሩን ለመደ። ለመደ ብቻ ሳይሆን ወደደው፤ እዚያ ወረፋ የለም፣ የመውጫ ክፍያ የለም፣ «ታሪፍ» እያለ የሚጨቃጨቅ የለም። አሁን ግድግዳው ተቀብቷል፣ ጣሪያው ተቀይሯል፣ ቀይ ሪባንም ተገዝቷል። የጠፋው ተሳፋሪ ነው። የመናኸሪያው ኃላፊ አቶ ታረቀኝ ይህ ሲገባቸው አራቱን ሠራተኞች ሰብስበው እያንዳንዳቸው አሥር አሥር ተሳፋሪ ይዘው እንዲመጡ አዘዙ፤ ሻንጣ የያዘ፣ ደህና የለበሰ፣ ካሜራ የማይፈራ። ሪባኑ ሲቆረጥ መኪናው ላይ ይወጣሉ፣ እስከ አደባባዩ ሄደው ይመለሳሉ፣ በቃ። «ዘመዶቻችሁን ግን እንዳታግበሰብሱብኝ፤ ባለፈው ስብሰባ የአክስት ልጅ፣ የአጎት ልጅ ሞልቶ የደረሰብኝን ታውቃላችሁ» ብለው አስጠነቀቁ። ሱለይማንን ደግሞ ለብቻው አስቀርተው፣ አራት ዓመት በኮንትራት የቆየበት የስምሪት ሥራ ቋሚ የሚሆንበት ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ እንዳለ ነገሩት። ምርቃቱ ካማረ በዚያው ቀን ይፈርማሉ፤ ካላማረ ኮንትራቱ በወሩ መጨረሻ ያልቃል።

ሱለይማን ዘጠኝ ሰው አገኘ። አሥረኛው ትናንት እራት ላይ ድረስ አልተገኘም። «ነገ ለሆሞሻው መኪና አንድ ተሳፋሪ ጎደለኝ» አለ ሳያስበው። የሚናገረው በበርታኛ ነው፤ «ተሳፋሪ» የምትለዋን ግን የሥራ ቃል ናትና በአማርኛ ጣል አደረጋት። ኻልቲ ሲተና የጠቀለለችውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሰችው። ለእሷ ይህ ቃል ሌላ ነው። ሰፈር በዓረብኛ ጉዞ ነው፣ ሙሳፊር ደግሞ ተጓዡ፤ ጾም እንኳ የሚቆይለት፣ ዱዓው የማይመለስበት የአላህ እንግዳ። ለሱለይማን ተሳፋሪ ማለት መኪና ላይ የወጣ ሰው ነው፤ ለእሷ ያሰበበት የሚደርስ ሰው ነው። «እኔ ልሁና ሙሳፊሩ! ነገ እኮ የሻዕባን አርባው ነው! አላህ ነው ይህን ያመጣው» አለች። ሻዕባን ሆሞሻ የሚኖር ታናሽ ወንድሟ ነበር። የሞተ ዕለት ኬላው ጋ ሄዳ፣ ጉልበቷ እንደማይታጠፍ ያየ ሾፌር ሁሉ እያለፋት ቆማ፣ «ተቀበረ» የሚለውን ስልክ እዚያው ዛፍ ሥር ሰማች። ሱለይማን እውነቱን ሊነግራት አፉን ከፈተ። መኪናው ሆሞሻ እንደማይሄድ ያውቃል፤ ከአደባባዩ መልስ የምርቃቱን እንግዶች ለምሳ እንደሚያመላልስ ስምሪቱን የጻፈው ራሱ ነው። ግን አሥረኛዋ ሰው ተገኘች። ብርጭቆውን አንስቶ አፉን በውኃ ሞላ። ምናልባት ከምሳ በኋላ ይሄድ ይሆናል ብሎ ራሱን ሸነገለ፤ እንደማይሄድም ያውቅ ነበር።

ከቤት እስከ መናኸሪያው በእግር ሃያ ደቂቃ ነው፤ ከኻልቲ ጉልበት ጋር አርባ። ከመናኸሪያው በር ራቅ ብሎ ቆመና «አንቺ ቀስ ብለሽ ነይ፤ ከእኔ ጋር እንደመጣሽ ግን ለማንም አትናገሪ። የመሥሪያ ቤት ሕግ ነው» አላት። «ሕግ ከሆነ ሕግ ነው» አለችና ዓይኗን ከእሱ አንስታ፣ እንደ ማንም መንገደኛ ጓዟን በራሷ ላይ አድርጋ ወደ በሩ አዘገመች። በሩ ላይ ሱለይማን በገዛ እጁ የጻፈው ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ከዛሬ ጀምሮ ከመናኸሪያው ውጭ መጫን በጥብቅ የተከለከለ ነው ይላል። ግቢው ውስጥ ሰማያዊው ቀለም ገና ይሸታል። ውኃው የደረሰበት መስመር ግን በመስኮቱ ልክ ቡናማ ሆኖ ብቅ ብሏል፤ ሁለት ጊዜ ቢቀባ ሁለት ጊዜ ወጣ፤ በመጨረሻ ባነር ተሰቀለበት። መሐል ሜዳው ላይ አንድ ታጥቦ የሚያበራ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ቆሟል፤ ታፔላው «አሶሳ – ሆሞሻ» ይላል። ኻልቲ ሲተና ማንበብ አትችልም፤ ለማረጋገጥ የትኬት ቤቷን ሠናይትን ጠየቀቻት፣ ሠናይትም ታፔላውን አንብባ «አዎ እናቴ፣ የሆሞሻ ነው» አለቻት። ሠናይት የጎጃም ልጅ ናት፤ አሥር የዕድር ሴቶች አምጥታለች። ከሴቶቹ አንዷ ሻንጣዋ የሞላ እንዲመስል ትራስ ከትታበት ኖሮ ዚፑ አልዘጋ ብሎ ሲስቁ ነበር። ሌሎቹም ባዶ ቦርሳ ነው ያንጠለጠሉት። ከአርባ ሰው መካከል ጓዙ የከበደው የአንድ ሰው ብቻ ነበር።

እንግዶቹ በሦስት ሰዓት ይመጣሉ ተብለው በአምስት ሰዓት መጡ። እንደ ደንቡ ነው። ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ፣ ሌላ ንግግር ተደረገ። የሕዳር ፀሐይ ከረር ስትል የዕድሩ ሴቶች በባዶ ቦርሳቸው ራሳቸውን ጋረዱ። ኻልቲ ሲተና ግን ወረፋው ውስጥ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ጓዙን አላስቀመጠችም፣ አንዴ መሬት ከነካ ተራዋ የሚወሰድባት ይመስል። ሱለይማን የስም ዝርዝሩን ይዞ ወዲያ ወዲህ ሲል ሦስት ጊዜ በአጠገቧ አለፈ፤ ሦስቱንም ጊዜ ቃሏን ጠብቃ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ማይክ የያዘች ወጣት ካሜራ ከኋላዋ አስከትላ ወደ ወረፋው መጣች። ፊት ለፊት ያሉት አፈሩና ወደ ኋላ አሉ። ኻልቲ ሲተና አላፈረችም።

«እማማ፣ ወዴት ነው የሚጓዙት?»

«ሆሞሻ ይሄዳል» አለች ኻልቲ ሲተና፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ወንድሜ ሞተች። አርባ ቀን ሆነ። ዛሬ ሰደቃ አለች።»

ወንድሜ ሞተች ስትል ሳቁ ከወረፋው ተነስቶ እስከ እንግዶቹ ወንበር ደረሰ። ክፋት የለበትም፤ እንዲያው ሰው ሰልችቶት ስለነበር ነው። ኻልቲም አብራ ፈገግ አለች፤ ምን እንዳሳቃቸው ባታውቅም በሰርግ ቤት እንደገባ ሰው አብራ ፈገግ አለች። ሱለይማን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። እሱ ኮሌጅ ሳለ አንድ ቀን ወንዱን በሴት ጠርቶ ተስቆበት ያውቃል፤ ከዚያ ወዲያ አማርኛውን እንደ ሸሚዝ ሲተኩስ ኖሯል፤ ዛሬ ሲናገር ሰምቶ የየት ልጅ እንደሆነ የሚለይ የለም። አቶ ታረቀኝ ግን ደስ ብሏቸው ከእንግዶቹ መሐል ተነስተው መጡ። እውነተኛ ተሳፋሪ! ከነጓዙ፣ ከነሐዘኑ! «ሱለይማን፣ እኚህ እናት የማን ናቸው? ታውቃቸዋለህ?» ብለው ሁሉም እየሰማ ጠየቁት።

«አላውቃቸውም፣ ጋሼ። መንገደኛ ናቸው» አለ ሱለይማን። ሰዋስው አልጎደለውም። አክብሮቱ እንኳ አልጎደለም፤ የጎደለው ሌላ ነበር። ካሜራው ወደ ኻልቲ ተመለሰ። እሷም ሱለይማንን ከላይ እስከ ታች አየችው፣ የመሥሪያ ቤቱ ሕግ ትዝ አላትና ራሷን ነቀነቀች።

«እኔም አላውቃትም» አለች።

እንደገና ተሳቀ። አቶ ታረቀኝ ዓይናቸው እንባ እስኪያወጣ ሳቁ። ሱለይማንም ዓይኑን በጨው አጥቦ አብሯቸው ሳቀ፤ ከሁሉም የሚያሳፍረው ይህ ነው፤ መሳቁ።

ሪባኑ ተቆረጠ። አርባው ሰው ተጋፍቶ ወጣና መኪናው በጥሩምባ ተነሳ። ሱለይማን ዝርዝሩን ይዞ ከረዳቱ ጎን በሩ ላይ ቆሟል። ኻልቲ ሲተና ሦስተኛው ወንበር ላይ መስኮቱን ይዛለች። መኪናው ከግቢው ሲወጣ ሁለት መዳፏን ዘርግታ ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ጀመር፤ ረጅም ዱዓ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ፊቷን በመዳፎቿ አበሰች። ሱለይማን ለሻዕባን መሰለው። ልቡ ፈራ፤ ቀና ብሎ ሾፌሩን «በቃ ዝም ብለህ ንዳው፣ ሆሞሻ አድርሰን» ለማለት አሰበ። ማሰብ አይከለከል፣ አሰበ። መኪናው አደባባዩን ዞረ። ኻልቲ ሲተና ቀድማ ያለፈችውን የጎሚስታ ቤት በሌላው ጎን ስታየው ግራ ተጋብታ ወደ ኋላ ዞራ አየች፤ ነዳጅ ሊሞሉ ይሆናል ብላም ተቀመጠች። ግቢው ውስጥ ሲገቡ ተጨበጨበ። ሰው ሁሉ እየተሳሳቀ ወረደ። እሷ አልወረደችም።

«እናቴ ውረጂ እንጂ፣ ደርሰናል» አላት ረዳቱ።

«እኔ ሆሞሻ ነው።»

«ሆሞሻ ዛሬ የለም እኮ። ዛሬ ምርቃት ነው።»

ምርቃት የሚለውን ቃል ታውቀዋለች፤ ሽማግሌ ሲመርቅ ሰምታለች። «ምርቃት እኔ ጨረሰ» አለችው መዳፏን እያሳየች፣ «መኪናው ሲነሳ አደረገ። አሁን ሆሞሻ።» ረዳቱ ሱለይማንን አየው። ሱለይማን ወረቀቱን አየ። ወረቀቱ ላይ አርባ ስም ነበር፣ ሁሉም ጎን መድረሻ ሆሞሻ ተብሎ ተጽፏል፣ በእሱ እጅ። ያኔ ኻልቲ ሲተና የረዳቱን ዓይን ተከትላ ሱለይማንን አየችው፤ እንደማታውቀው ሰው ሳይሆን፣ ከጨቅላነቱ ጀምሮ ስትዋሽ ታስታውቃለህ እያለች እንዳሳደገችው ልጅ። ጓዟን አንስታ፣ የመኪናውን ደረጃ አንድ በአንድ፣ በማይታጠፈው እግሯ ቀድማ፣ ማንም ሳይደግፋት ወረደች።

መኪናው እንግዶቹን ጭኖ ለምሳ ሄደ። ከሰባት ሰዓት በፊት ሆሞሻ የሚደርስ ነገር ከተገኘ ገና ጊዜ ነበር፤ ሰደቃው ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ነው። ሱለይማን የሚያውቀውን ባለባጃጅ ጅረኛን ከአጥሩ ውጭ አገኘው። የባምባሲ ልጅ ነው፣ ሲለምኑት እምቢ አይልም። ዛሬ ግን እጁን ወደ ማስታወቂያው ዘረጋ። «ሱሌ፣ አቦ፣ ታርጋዬን ልታስፈታኝ ነው? ኬላው ላይ ትራፊኮች ቆመው እየመለሱ ነው እኮ። ይሄ ደግሞ የማን ጽሑፍ ነው?» ሱለይማን ሌላም ሞከረ ማለት አይቻልም፤ ሁለት ስልክ ደወለ፣ አንዱ አላነሳ፣ ሌላው ሳቀበት። ሲመለስ ኻልቲ ሲተና የማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጣለች። ወደ እሷ ሲራመድ ግራና ቀኝ ቃኘችና በበርታኛ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ «ራቅ በል፣ ሰዎችህ ያዩሃል» አለችው። እሱም፣ አላህ ይይለት፣ ራቀ።

በዘጠኝ ሰዓት አቶ ታረቀኝ ቢሮ አስጠሩት። ጠግበዋል፣ ደስ ብሏቸዋል። «እኚያ የሆሞሻ እናት እኮ ምርቃቱን አዳኑልን! ከየት ነው ያገኘሃቸው? ቁርጥ እውነተኛ ተሳፋሪ ነው የሚመስሉት!» እያሉ ሳቁና ወረቀቱን ፈርመው፣ ማኅተም አሳርፈውበት ሰጡት። ከዚያም የቀኑን ሪፖርት አጽፈውት እግረ መንገዳቸውን አዩ፤ መናኸሪያው በተከፈተ በመጀመሪያው ቀን አርባ መንገደኞችን አስተናግዷል፣ በሰላም መድረሻቸው ደርሰዋል። «በሰላም የሚለው ጥሩ ነው» አሉ። አራት ዓመት የተጠበቀ ወረቀት ነበር፤ ሱለይማን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው፣ እጁ ግን በዚያ በኩል መንካት ፈራ። ከቢሮ ወጥቶ ማንጎው ሥር ሲያይ ኻልቲ ሲተና የለችም። በዚያ ጉልበቷ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ያንን ጓዝ ይዛ ብቻዋን ሄዳለች።

ቤት ሲደርስ የምሽቱ መግሪብ ሶላት ገና አልተጠራም። አንዲቱ ክፍል ውስጥ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ በስልክ እያወራች ነበር፤ ነጩ ቶብ ተጣጥፎ ወደ ሣጥኑ ተመልሷል። የምታወራው ከሻዕባን ሚስት ጋር ነው። «እንቅልፍ ጣለኝ፣ እህቴ፤ መኪናው ጥሎኝ ሄደ» ስትል ሰማ። «የለም የለም፣ ሱሌ ምን ያድርግ፤ እሱማ መኪና ላይ ወንበር ይዞልኝ ነበር። እኔ ነኝ የዘገየሁት።» ስልኩን ዘግታ ቀና አለች። ሱለይማን በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ይቅር በይኝ ሊላት ነበር፤ ቃሉን በየትኛው ቋንቋ እንደሚጀምረው አጣው። እሷ ግን የምትጠይቀው ሌላ ነገር ነበራት፤ ከማንጎው ጥላ ጀምራ ስታብላላው የዋለች ነገር።

«ሱሌ፣ አንተ ቁርኣን ቤት ተምረሃል። እስከ አደባባዩ ሄዶ የተመለሰ ሰው፣ እሱም ሙሳፊር ይባላል?»

«ለምን ጠየቅሽኝ፣ ኻልቲ?»

«ሻዕባንማ ዛሬ የሚለምንለት ሰው ሞልቶለታል ብዬ፣ መኪናው ሲነሳ ያንተን ሥራ ነው የለመንኩት። ቋሚ አድርግለት፣ ከሰው እኩል አቁምልኝ ብዬ። የሙሳፊር ዱዓ አይመለስም ሲባል አልሰማህም? ግን መንገዱ መንገድ ካልነበረ፣ ዱዓውም ሜዳ ላይ ቀረ ብዬ ነው።»

ወረቀቱ ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር። ከማይኩ ፊት ከካድኳት በኋላ ነው ይህን የለመነችው ብሎ አሰበ፤ ከዚያ በኋላ። አውጥቶ ሊያሳያት ጀመረና እጁ መንገድ ላይ ቆመ።

«ደርሷል፣ ኻልቲ» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «ዛሬ ተፈረመልኝ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለች፣ እጆቿን አጨብጭባ። «እንኳንም አንዳችን ደረስን።» ከዚያ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች፣ ማንቆርቆሪያውን ከከሰሉ ላይ አውርዳ ሻይ ቀዳችለት። የቤቱ ስኳር አልቆ ስለነበር ከአልጋው ሥር ጓዟን ሳበች፣ ሻርፑን ፈታች፣ ለሻዕባን ሰደቃ የተገዛውን ስኳር ጨልፋ ብርጭቆው ውስጥ ጨመረችለት። እንደሚወደው፣ ሦስት ማንኪያ። ሱለይማን ቆሞ ጠጣው።